ዝቅ ብላ የምትሄድ ጥንግ

(የመግቢያ ዜማ)

በብቸና፣ በሞጣና በዙሪያቸው ያላችሁ፣ አውድማ ላይ እያበራያችሁም፣ ከብት እየጠበቃችሁም፣ ቡና አቅርባችሁም የምታዳምጡን ሁሉ፣ ታኅሣሥ ገብቷል። ጤፉ እየታጨደና እየተወቃ ሜዳው እየተለቀቀ ነው፤ ልጆችም የገና ዱላቸውን ከየጣራው ሥር ማውጣት ጀምረዋል። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርታችንን ለአንድ ምት ብቻ ሰጥተነዋል፤ የገናዋ ኳስ፣ ጥንጓ፣ ከጉልበት በላይ ሳትነሣ ከታሰበላት ቦታ ለምትደርስበት ዝቅ ያለ ምት።

የገና ጨዋታ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሩቁ ምት ነው። እገሌ ቢለጋት ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ አለፈች፣ እገሌ አንዴ ሲመታት ከወንዙ ማዶ ተገኘች ይባላል። ጥንጓን ከሰው መሃል፣ ከቦይ አፍ፣ ከአጥር ሥር አውጥቶ ምድር ለምድር ለጓደኛው ያቀበለውን ግን የሚያነሣው የለም። በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ በደል ነው። ከፍ ያለው ምት የሚያምረው ሜዳው ክፍት፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ ሰውም የራቀ ሲሆን ነው። በገና ቀን እንዲህ ያለ አጋጣሚ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቀሪውን ጊዜ ጨዋታው የሚካሄደው በጠበበና በተጨናነቀ ቦታ ነው። እዚያ የሚያዋጣው ዝቅ ያለው ምት ነው፤ ለልጆቻችንም ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሜዳችንን እናውቀዋለን። በብቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ እጅ ያስገባል። ጥንጓ እዚያ አፍ ላይ ስትቀመጥ ግማሽ አካሏ ከመሬት በታች ነው። በሞጣ በኩልም ከሰዓት በኋላ የደጋው ነፋስ ሲነሣ ወደ ላይ የተለጋች ጥንግ አቅጣጫዋን ስታ ትወርዳለች። በዚህ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አለ፣ የእሾህ አጥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ለማየት የመጣ ሰው ሜዳውን ከሁለት ወገን አጥብቦ ይቆማል።

ባለፈው ዓመት ብቸና ዳር ካለ አንድ ሜዳ ላይ ቆሜ ስመለከት ጥንጓ ከእንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ቆመች። አንድ ጎረምሳ ደረሰባት፤ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረው። የዱላው ጫፍ መጀመሪያ ያገኘው አፈሩን ነው። አቧራው ቦነነ፣ ጥንጓ በጎን ተፈናጥራ የራሱን ጓደኛ ቅልጥም መታችው። የተመታው ልጅ እያነከሰ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጥንጓ እንደገና እዚያው አካባቢ ገባች፤ አሁን የደረሰባት ጠና ያለ ሰው ነው። ቀና ብሎ አንዴ ወዲያና ወዲህ አየ። ሁለት እጁን በዱላው ላይ ወደ ታች አንሸራተተ፣ ግራ እግሩን ተደገፈ፣ ዱላውን ከጭኑ ሳያሳልፍ ወደ ኋላ ወሰደና ጧ አደረጋት። ጥንጓ በሁለት ተጋጣሚዎች እግር መሃል ሾልካ፣ አንዴም ሳትዘል፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ከጓደኛው ዱላ ሥር ቆመች። የዱላው ጫፍ ምቱ ካለቀ በኋላ ከጉልበቱ በታች ቀርቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ጎረምሳው በጉልበት ከሰውዬው እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ምት አጥብቀው የመረመሩት የጎልፍ ሰዎች ናቸው። ጎልፍ በብቸናም በሞጣም የለም፤ በአገራችን የሚታወቀው በአዲስ አበባ ነው። በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የጎልፍ ክለብ አለ፤ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥም ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለ። ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ዲያሜትሯ ከ42.67 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ከሩቅ ጉድጓድ ማስገባት ነው። የሚሻማችሁ ተጋጣሚ የለም። የሚፈትናችሁ መሬቱ፣ ዛፉና ነፋሱ ነው።

የጎልፍ አገር ስኮትላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ሕዝቡ ጎልፍና እግር ኳስ እየተጫወተ የቀስት ልምምዱን ተወ ብሎ ሁለቱንም ከልክሎ ነበር። አልተሳካለትም። እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ በደጋማው ክፍል፣ ሺንቲ የሚባል በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታም አለ። መንደርና መንደር ተከፋፍሎ በአዲስ ዓመት ቀን ይጋጠምበት ነበር፤ የኛን ገና ላየ ሰው በጣም ቅርብ ዘመድ ነው። የስኮትላንድ የጥንት የጎልፍ ሜዳዎች ባሕር ዳር ያሉ ናቸው፤ ዛፍ የላቸውም፣ ነፋሱ አያባራም። ስለዚህ ሰዎቹ ኳሷን ከነፋሱ በታች መንዳት ግድ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ ነፋስ ለምን ከታች እንደሚደክም ላስረዳ። ነፋስ ከመሬት ጋር ይፋተጋል። ሣር፣ ጓል፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት በቁርጭምጭሚታችን ልክ ያለው ነፋስ ከራሳችን በላይ ካለው ቀርፋፋ ነው፤ ከዛፍ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። ወደ ላይ የወጣች ጥንግ ወደ ፈጣኑ ነፋስ ገባች ማለት ነው፤ እዚያም ብዙ ትቆያለች። ዝቅ ብላ የሄደችው ግን ነፋሱ በደንብ ሳያገኛት ትደርሳለች። አንድ ነገር ልጨምር። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አገሮች አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚበርን ነገር ብዙም አይገታውም። ከፍ አድርገን የለጋናት ጥንግም ከገመትነው በላይ ሄዳ ከማይፈለግ ቦታ ልትወድቅ ትችላለች።

ወደ ጎልፍ ሰዎቹ ልመለስ። አንድ የጎልፍ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ ሜዳ መግባት ይፈቀድለታል። ዱላዎቹ የሚለያዩት በርዝመትና በፊታቸው ማጋደል ነው። የዱላው ፊት ወደ ኋላ በጣም ያጋደለ ከሆነ ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ተጫዋቹ ከቅርንጫፍ ሥር ወይም ነፋስ ፊት ለፊት ሲቆም ቀጥ ያለ ፊት ያለውን ዱላ ይመርጣል፤ ኳሷን ወደ ኋላ እግሩ ጠጋ ያደርጋል፤ እጁን ከኳሷ ያስቀድማል፤ ዱላውን አሳጥሮ ያነሣል፣ አሳጥሮም ይጨርሳል። በጉልበትም አይመታም። የጎልፍ ኳስ በኃይል በተመታች ቁጥር ወደ ኋላ ይበልጥ ትሽከረከራለች፣ ያ ሽክርክሪትም ወደ ላይ ያነሣታል። ነፋስ በበረታ ቁጥር ለስለስ አድርገው የሚመቱት ለዚህ ነው።

እናንተ ግን 14 ዱላ የላችሁም። ያላችሁ አንድ ነው። ይህ ግን ከመማር አይከለክላችሁም፤ ለምሳሌ የአንድ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። በሰሜን ስፔን፣ ፔድሬኛ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ሴቬ ባዬስቴሮስ የሚባል በ1957 እ.ኤ.አ. የተወለደ ልጅ ነበር። በመንደሩ የጎልፍ ሜዳ ነበር፤ የሀብታሞችን ዱላ ተሸክሞ ለሚውል ልጅ ግን ሜዳው ክልክል ነበር። ወንድሙ የሰጠውን ቁጥር 3 የሚባለውን አንድ የብረት ዱላ ይዞ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ብቻውን ይለማመድ ነበር። የዚያ ዱላ ፊት ለዝቅተኛ ምት የተሠራ ነው። ልጁ ግን በዚያችው አንድ ዱላ ኳሷን ከፍ ማድረግም፣ ዝቅ ማድረግም፣ ማጠፍም ቻለ። ዱላ መቀየር ስላልቻለ እጁንና አቋሙን መቀየር ተማረ። ያ ልጅ አድጎ በጎልፍ ትልቅ ከሚባሉት ውድድሮች አንዱን፣ የእንግሊዞቹን ኦፕን ሻምፒዮና፣ በ1979፣ በ1984ና በ1988 ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ዝናውም በጣም ከተበላሸ ቦታ፣ ከጫካም ከመኪና ማቆሚያም፣ ኳሷን ማውጣት መቻሉ ነበር። የገና ተጫዋች ከእሱ የሚወርሰው ይህን ነው፤ የምቱን ከፍታ የሚወስኑት እጅ፣ እግርና ደረት ናቸው።

ሌላው ምሳሌ የጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ውድስ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ያው ሻምፒዮና ሊቨርፑል አጠገብ ባለው በሆይሌክ ሜዳ ሲካሄድ በጋው ደረቅ ነበር፤ ሣሩ ቢጫ ሆኖ መሬቱ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። ውድስ በአራቱ ቀን ጨዋታ ድራይቨር የሚባለውን የሩቅ መምቻ ዱላ የተጠቀመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው አብዛኛውን ጊዜ በረጃጅሞቹ ብረቶች ኳሷን ዝቅ እያደረገ ይለጋ ነበር፤ ደረቁ መሬት ራሱ እያንከባለለ አራቀለት። አሸነፈም። ይህን ያነሣሁት የታኅሣሥ መሬታችን እንደዚያው ደረቅ ስለሆነ ነው። ዝቅ ያለ ምት አጭር ይመስላል፤ በደረቅ መሬት ላይ ግን ጥንጓ ከወደቀች በኋላ ትንከባለላለች፤ ከሚታሰበው በላይ ትሄዳለች።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ዱላ ያላችሁ ዱላችሁን ያዙ፤ የሌላችሁ በባዶ እጅ ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ዱላውን እዩት። ቆልማማው ክፍል መሬት ላይ ሲተኛ እጀታው ወገባችሁ አካባቢ ቢደርስ ጥሩ ነው። ዱላው ረዝሞ ከሆነ ሜዳ ላይ ከመታገል ቤት ሳላችሁ ቁረጡት። ከቆልማማው አጠገብ ስንጥቅ ካለ ለጨዋታ አይሆንም፤ በምት ጊዜ ተሰብሮ ቁራጩ ዓይን ያጠፋል።

አያያዙ፣ ቀኝ እጅ ለሚቀናው፣ ግራ እጅ ከላይ ቀኝ እጅ ከታች ነው። ግራ እጅ ለሚቀናው በተቃራኒው ነው፤ ከዚህ በኋላ የምለውንም እንዲሁ ገልብጣችሁ ውሰዱት። ለዝቅተኛው ምት ሁለቱንም እጅ ከተለመደው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች አውርዱ። ዱላው አጠረ ማለት ነው፤ ያጠረ ዱላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጫፉ ግን ካሰባችሁት ቦታ ይደርሳል። አጥብቃችሁ አትጨብጡ፤ ክንዳችሁ ከደነደነ ትከሻችሁም ይደነድናል።

ግራ ጎናችሁን ጥንጓ እንድትሄድ ወደምትፈልጉበት አዙሩ። እግራችሁን ከትከሻችሁ ስፋት ጠበብ አድርጉ። ክብደታችሁ በአብዛኛው በግራ እግር ላይ ይሁን፤ ዱላውን ስታነሡም ወደ ቀኝ እንዳይመለስ። ወደ ኋላ የተንጋለለ ሰው ዱላው ከጥንጓ ሥር ይገባና ሳይፈልግ ወደ ላይ ያነሣታል። ከፍ ብሎ የሚሄድባችሁ ምት ሁሉ፣ ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ መንጋለል የሚመጣ ነው።

የጥንጓ ቦታ ላይ የጎልፉን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። ጎልፈኛው ኳሷን ወደ ኋላ እግሩ የሚያስጠጋው የዱላው ፊት ያጋደለ ስለሆነ ነው። የኛ ዱላ ፊቱ ያን ያህል አላጋደለም። ጥንጓን እጅግ ወደ ኋላ ካስቀመጣችኋት መሬት ውስጥ ትጠቀጥቋታላችሁ፣ እሷም ትዘላለች። በሁለቱ እግሮች መሃል፣ ወይም ከመሃል ጥቂት ወደ ግራ አድርጓት።

አሁን ዋናው ነገር፣ እጅ። ዱላው ጥንጓን በሚያገኝበት ቅጽበት እጃችሁ ከጥንጓ ቀድሞ፣ ከግራ ጭናችሁ ፊት መገኘት አለበት። ዱላው ከጥንጓ ወደ እጃችሁ ሲታይ ወደፊት ያዘነበለ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የዱላው ፊት ቀጥ ይላል፣ ጥንጓም በአግድሙ ትወጣለች። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በመጨረሻዋ ቅጽበት አንጓቸውን እንደ ጭልፋ ወደ ላይ ስለሚያጥፉት ነው። ያኔ ጫፉ ከእጅ ይቀድማል፤ ጥንጓም ወደ ሰማይ ትሄዳለች።

ሞጣ ውስጥ አንድ አረጋዊ አንዱን ልጅ ከዚህ ልማድ እንዴት እንዳላቀቁት አይቻለሁ። ልጁ ደጋግሞ ሲያነሣት አይተው ጠሩት። ከአጥሩ አንድ የሸምበቆ ቁራጭ ሰበሩ፤ ርዝመቱ ከእጁ መዳፍ እስከ ክንዱ መሃል የሚደርስ ነው። በግራ እጁ አንጓ ጀርባ ላይ አስተኝተው ከነጠላቸው ዘርፍ በተቀደደች ጨርቅ አሰሩለት። «ልጄ፣ አሁን ምታ» አሉት። ልጁ ለጋ፤ አንጓው ሊታጠፍ ሲል ሸምበቆው ቆረቆረውና ገታው። «አባባ፣ ያሳምመኛል» አለ። «ካመመህ አጥፈኸዋል ማለት ነው። እጅህ ይቅደም፣ ዱላው ይከተል» አሉት። ደጋግሞ ለጋ። እየቆየ መቆርቆሩ ቀረ፤ ጥንጓም ሣሩን እየላሰች መሄድ ጀመረች። ከዚያ ሸምበቆውን ፈቱለት። ይህን ዘዴ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል፤ የሸምበቆው ጫፍ እንዳይወጋ ብቻ በጨርቅ ይጠቅለል።

ዱላውን ወደ ኋላ ስትወስዱ ከወገባችሁ በላይ አይውጣ። ስትመልሱት ደረታችሁ አብሮ ይዙር፤ እጅ ብቻውን አይሥራ። ጥንጓን በወገቧ፣ ወይም ከወገቧ ጥቂት ከፍ ብላችሁ ምቷት። ከመታችሁ በኋላ ዱላው ከጉልበታችሁ በታች ይቁም፤ ጫፉም ጥንጓ የሄደችበትን አቅጣጫ ያሳይ። ለራሳችሁ አስተማሪ ልትሆኑ የምትችሉት እዚህ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ አትንቀሳቀሱ፤ ዱላችሁ የት እንደቆመ እዩ። ከትከሻችሁ በላይ ከሆነ ምቱ ዝቅ ብሎ ቢሄድም እንኳ በዕድል ነው። ከጉልበት በታች ከሆነና እጃችሁ ከቀደመ፣ ምቱ ባይሳካም መንገዱን ይዛችኋል።

ድምፁንም አድምጡ። ጥንጓ በትክክል ስትመታ አጭርና ደረቅ ድምፅ ትሰጣለች። አፈር ቀድሞ ሲነካ ድምፁ ድፍን ነው፤ እጅም ይነዝራል።

ልምምዱ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ሁለት ችካል ትከሉ፤ በጉልበት ልክ ገመድ ወጥሩባቸው። ከገመዱ አምስት እርምጃ ያህል ርቃችሁ ጥንጓን በገመዱ ሥር አሳልፉ። ገመዱን ከነካች ወይም ከበላዩ ካለፈች ምቱ አልተቆጠረም። ይህ ሲለመድ ከገመዱ ወዲያ ሁለት ድንጋይ አስቀምጡና በመሃላቸው አሳልፉ፤ ድንጋዮቹን ቀስ በቀስ አቀራርቡ። ቀጥሎ ዱላውን ወደ ኋላ በሦስት ልክ ውሰዱ፤ አንዴ እስከ ጉልበት፣ አንዴ እስከ ጭን፣ አንዴ እስከ ወገብ። በእያንዳንዱ ጥንጓ የት እንደምትደርስ በእርምጃችሁ ለኩ። ሁሉም ሰው የራሱ ልክ አለው፤ የጓደኛችሁን ልክ አትመኙ። በጨዋታ ቀን ጓደኛችሁ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ስታዩት ዱላውን እስከ የት እንደምትወስዱ እጃችሁ ያውቃል።

በትውፊት ገና የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ምት ግን የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ልክ ማወቅ ነው፤ ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የስፖርት መምህራን ሴት ተማሪዎችንም ወደ ገመዱ ሥር እንድታመጧቸው አደራ እላለሁ። በአሥር ዓመት ልጅ እጅ የሚሠራ ምት በእነሱ እጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አስቸጋሪ ወደ ሆኑት ቦታዎች እንለፍ። ጥንጓ ከጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ስትገባ፣ ቅድም እንደነገርኳችሁ፣ ዱላው አፈሩን ቀድሞ ያገኛል። እዚህ ብቻ ጥንጓን ጥቂት ወደ ቀኝ እግራችሁ አስጠጓት፤ ዱላው ከላይ ወደ ታች ይውረድባት። ሩቅ አትሄድም። አንድ ዘንግ ያህል ወጥታ ደልዳላ መሬት ላይ ከተቀመጠች ተሳክቶላችኋል፤ ቀጣዩን ምት ከዚያ ለጉት።

ከቅርንጫፍ ሥርና ከአጥር ሥር ስትሆኑ ከምቱ በፊት ዱላውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሞክሩት። ቅርንጫፍ የሚነካ ከሆነ ከመንካቱ በፊት አቁሙ፤ ያ የዚያ ምት ልካችሁ ነው።

ቁልቁለት ላይ ጥንጓ ራሷ ዝቅ ብላ ትፈጥናለች፤ ዱላውን እስከ ጉልበት ብቻ ውሰዱ። ዳገት ላይ ግን መሬቱ ራሱ ወደ ኋላ ያንጋልላችኋል። ግራ እግራችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ወደ ዳገቱ ካልተጫናችሁ በቀር ጥንጓ መነሣቷ አይቀርም።

ዝቅ ያለው ምት የማይሠራበት ቦታም አለ። ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ካደገ፣ ወይም መሬቱ ረግረግ ከሆነ፣ ጥንጓ ሁለት ክንድ ሳትሄድ ትቀራለች። እዚያ ነፋስ እንኳ ቢኖር አጭር አድርጎ ማንሣት ይሻላል። ጤፍ የታጨደበት መሬት ግን አያግዳትም፤ የቀረው አገዳ ቀጭን ስለሆነ ጥንጓ ጥሳው ታልፋለች።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰው ነገር ነው። በገና ቀን ጌታም ሎሌም እኩል ሜዳ ይወርዳል፣ ቁጣም የለም ይባላል፤ ደስ የሚል ልማድ ነው። ራስ ላይ ያረፈ ዱላ ግን በልማድ አይድንም። ጥንጓ እግራችሁ ሥር ስትደርስ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ዙሪያችሁን እዩ። በሁለት ዱላ ርቀት ውስጥ ሰው ካለ ዱላው ከጭን በላይ አይነሣ። ከኋላችሁ የቆመውን ሕፃን አትርሱት፤ ወደ ኋላ የተነሣ ዱላ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ወላጆችም ትንንሽ ልጆችን ከሜዳው ዳር በአንድ ወገን ሰብስባችሁ አንድ ትልቅ ሰው መድቡላቸው።

ሰው ራሱን ከተመታ ጨዋታው ይቁም። ደም ቢፈስ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ደም ባይኖርም የተመታው ሰው ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ራስ ምታቱ እየበረታ ከሄደ፣ «ይሻለኛል» ቢልም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በዚያች ሌሊትም ብቻውን አይደር፤ ምልክቶቹ ከሰዓታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ገና ዱላ አቆራረጥ፣ ቆልማማውን በእሳት ለብለብ አድርጎ ስለ ማስተካከልና ዱላው እንዳይሰነጠቅ ስለ ማድረቅ እንነጋገራለን። እስከዚያው ገመዳችሁን ወጥራችሁ ጠብቁን። ደኅና ዋሉ።

(የመዝጊያ ዜማ)